ለ5 ሰው ቡድን የሌሊት ማንቂያ ሶፍትዌር፦ የትኛውን እንያዝ? (ገላን ነን)

የገላኑ_ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

5 መሐንዲሶች ነን። ቢሯችን ገላን ነው፣ ከአዳማው መንገድ ገባ ብሎ። ከጅቡቲ የሚመጡ የጭነት መኪኖችን የሚከታተልና የጭነት ሰነድ የሚያወጣ ሲስተም እንሠራለን። ሾፌር ሌሊትም ሰነድ ይጠይቃል። ለእሱ የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት፣ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡41 ላይ የዳታቤዙ ዲስክ ሞላ። ፖስትግሬስ መጻፍ አቆመ። ማንቂያው በሰዓቱ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ገብቷል። አንድም ሰው አልሰማም። የኔ ስልክ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የቀሰቀሰኝ ጋላፊ የቆመ ሾፌር ነው። ቁጥሬን ከስምሪት ክፍል ተቀብሎ ነው የደወለው። "ወንድሜ፣ ከሌሊት ጀምሮ ወረቀቱ አልወጣ ብሎኝ ቆሜያለሁ" አለኝ። አልተቆጣም። ደክሞት ነበር። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ዲስኩን ለማጽዳት 6 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ሰውየው የቆመው ግን ከ4 ሰዓት በላይ ነው።

ሰርቨሩን የሚለካው ፕሮሜቲየስ፣ ማንቂያ የሚልከው አለርትማናጀርና ልኬቱን በግራፍ የሚያሳየው ግራፋና አለን። ዋናው ሰርቨር ውጭ አገር የተከራየነው ነው። ሌላ አንድ ማሽን ቢሮ አለ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ 40 ደቂቃ ያህል ይይዛል።

አሁን ተረኛ ከሚጠሩት ሶፍትዌሮች ፔጀርዱቲ፣ ኦፕስጂኒ፣ ግራፋና ኦንኮል እያልን እንከራከራለን። በጀታችን በብር ነው፣ ዶላር ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የምፈልገው የተኛ ሰው የሚቀሰቅስ ነገር ነው። እናንተ በምን ትሠራላችሁ?

ሰበታ_ዴቭ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡34

ግሩፑን ከሚውት አውጡት፣ በቃ። ቴሌግራም ነፃ ነው፣ ሁሉም ሰው ጋ አለ። እኛ በሱ ነው የምንሠራው።

የገላኑ_ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ሞክረነዋል ወንድሜ። ግሩፑ ላይ በቀን ከ100 በላይ መልእክት ይገባል። ሲፒዩ ወጣ፣ ሲፒዩ ወረደ። ሰው ሁለት ቀን ይታገሳል፣ በሦስተኛው መልሶ ሚውት ያደርገዋል። አልፈርድባቸውም፣ ሕፃን ያላቸው ልጆች አሉ። ደግሞ ቦት ይጽፋል እንጂ አይደውልም።

ለገጣፎ_ባክኤንድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግሩፑ ላይ ስለ ዲስኩ ሁለተኛው መልእክት የገባው ንጋት 12፡41 አካባቢ አይደለም?

የገላኑ_ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡09

አሁን ከፍቼ አየሁት። 12፡41። እንዴት አወቅክ?

ለገጣፎ_ባክኤንድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡26

አለርትማናጀር ውስጥ "ሪፒት ኢንተርቫል" የሚባል ቅንብር አለ። ካልነካችሁት 4 ሰዓት ነው። ማለት አንዴ ይልካል። ችግሩ ሳይፈታ ቢቆይም ያንኑ መልእክት የሚደግመው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። 8፡41 ላይ አንድ ጊዜ ጠራችሁ፣ ከዚያ እስከ 12፡41 ዝም አለ። እኔም በዚሁ ተመትቻለሁ፣ ለዚያ ነው ያወቅኩት።

ለሌሊቱ ማንቂያ ብቻ የተለየ መንገድ አውጡለትና ድግግሞሹን ወደ 10 ደቂቃ አውርዱት። ግን ይህ ለጊዜው ነው። አለርትማናጀር ማንቂያ ይሰበስባል፣ ያቧድናል፣ ይልካል፣ ዝም አስኝ ስትለው ዝም ያሰኛል። "አየኸው ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። ያላየ ሰው ካለ ወደ ሌላ ሰው አያሻግርም። የምትገዙት ሶፍትዌር ሥራው ይሄ ነው። ተረኛው ማነው? አየው ወይ? ካላየው ቀጥሎ ማን ይነሳል? ከዚህ በላይ ያለው ማስታወቂያ ላይ የሚያምር ነገር ሁሉ ለ5 ሰው ትርፍ ነው።

የካ_አባዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ኤስአርኢ ነኝ (ሲስተም እንዳይቆም የሚጠብቅ መሐንዲስ ማለት ነው)፣ የጠራሃቸውን ሁሉ በሥራ ነክቻቸዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ኦፕስጂኒን አትጀምሩት። ጥሩ ዕቃ ነበር፣ ወድጄው ነው የተጠቀምኩት። አትላሲያን እ.ኤ.አ. በ2018 በ295 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከጁን 2025 ጀምሮ ለአዲስ ደንበኛ አይሸጥም። በኤፕሪል 2027 ጨርሶ ይዘጋል። የነበሩት ደንበኞች ወደ ሌሎቹ የአትላሲያን ሶፍትዌሮች፣ ወደ ጂራ ሰርቪስ ማኔጅመንት ወይም ወደ ኮምፓስ ተዛወሩ ተብለዋል። ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት ቤት ውስጥ ዕቃ አይገባም።

ግራፋና ኦንኮል በጣም ያሳዘነኝ ነው። ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሲለቀቅ ለእንደኛ ዓይነቱ ቡድን የተሠራ ነበር የመሰለኝ። በማርች 2025 ክፍቱ ስሪት "ጥገና ብቻ" ተባለ። ለማርች 2026 ደግሞ ወደ ማህደር እንዲገባ ተቆረጠ። ኮዱን በራሳችሁ ሰርቨር ብትጭኑትም ብዙ ሰው ጥሪና ኤስኤምኤስ ሲያገኝ የነበረው በግራፋና ክላውድ በኩል ነው፣ እሱም አብሮ እንደሚቆረጥ ነው የተነገረው። የቆዩ ጽሑፎች "ነፃ ነው፣ ጫኑት" ይሏችኋል። ከማመናችሁ በፊት የተጻፈበትን ቀን እዩ።

ጎአለርትን ብዙ ሰው አያውቀውም። ታርጌት የሚባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ለራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በነፃ የለቀቀው ነው። በጎ ቋንቋ ተጽፏል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ተራ ያወጣል፣ ካልተመለሰ ያሻግራል። ቀላልና ንጹሕ ነው። ስልክ የሚደውለው ግን ትዊሊዮ በሚባል የጥሪ አገልግሎት ነው፣ ትዊሊዮ ደግሞ ዶላር ነው።

ፔጀርዱቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው። እስከ 5 ሰው ነፃ እርከን አለው። እናንተ ልክ 5 ናችሁ። 6ኛ ሰው የቀጠራችሁ ቀን ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ፣ በወር፣ በዶላር ይጀምራል። ይህን ዛሬውኑ ለአለቃችሁ ንገሩት፣ በኋላ እንዳይደነግጥ።

የኔ ምክር ነፃው ፔጀርዱቲ ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ጥሪ በ5ታችሁም ቀፎ ላይ መግባቱን ሞክሩ። በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ሲም ሞክሩት። ሙከራውን ሌሊት አድርጉት፣ በተለይ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሠፈር ያለው ልጅ ጋ።

ሰበታ_ዴቭ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

የዶላሩን ነገር እኔ ልመስክር። እኛም በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ሲስተም ነበረን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ሲባል 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለዓመት የያዝነው በጀት ግማሽ ዓመት አላደረሰንም። የዞርነው ወደ ቴሌግራም ነው፣ ለዚያ ነው ቅድም እንደዚያ ያልኩት። የሾፌሩን ነገር መልሼ ሳነበው ግን የእኛም ዕድል ሆኖ እንጂ ያው እንደሆነ ገባኝ።

ቡራዩ_ሞባይል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ስለ ስልኮቹ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። የአንድሮይድ አፕ ነው የምሠራው።

ብዙዎቻችን የያዝነው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ነው። እነዚህ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከበስተጀርባ ያለን አፕ ያስተኛሉ፣ አንዳንዴም ይገድሉታል። ቀን ላይ ስትሞክሩት ይጮሃል፣ ምክንያቱም ስልኩን አሁን ነክታችሁታል። ሌሊት ግን 5 ሰዓት ሙሉ ሳይነካ ተቀምጦ የገባ ማንቂያ ጠዋት ስክሪን ስታበሩ ብቅ ይላል። አፑን ከባትሪ ቁጠባ አውጡት። ስልኩ "ራሱ እንዲጀምር ይፈቀድ?" ካለ ፍቀዱለት። "አትረብሹኝ" የሚለውን እንዲያልፍ ፈቃድ ስጡት። ፔጀርዱቲ የሚደውልባቸውን ቁጥሮች በአድራሻ መልክ ይሰጣችኋል፣ ስልካችሁ ላይ መዝግባችሁ ከተመረጡት ውስጥ አስገቧቸው። አይፎን የያዘ ሰው "ክሪቲካል አለርት" የሚለውን ያብራ፣ ስልኩ ድምፅ አልባ ቢሆንም ይጮሃል።

ይህን ለ5ታችሁም ቁጭ ብላችሁ በአንድ ከሰዓት ጨርሱት። "አደርገዋለሁ" ያለ ሰው አያደርገውም።

ቡራዩ_ሞባይል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡22

ረሳሁት፣ ሰዓቱ! ተራ ስታወጡ የሰዓት ክልሉን "አፍሪካ፣ አዲስ አበባ" በሉት። ከዚያ ተጠንቀቁ። እኛ ተረኛ የምንቀያየረው ሰኞ 3 ሰዓት ነው። አንዱ ልጅ ሲስተሙ ላይ 3፡00 ብሎ ሞላው። ሲስተሙ የፈረንጅ 3፡00 ነው የገባው፣ ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ያን ሌሊት 9፡20 ላይ የመጣው ማንቂያ ተራው ገና ጠዋት ይጀምራል ብሎ ወደተኛው ልጅ ሄደ። የቀድሞው ተረኛ ነቅቶ እየጠበቀ ነበር፣ ምንም አልደረሰውም። የኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እዚያ 9፡00 ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጻፉት።

ኖክ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ዱከም ነኝ። የምታወሩበትን ሶፍትዌር አላውቅም፣ ሥራውን ግን አውቀዋለሁ።

እኛ ዘንድ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ነበር። መስመር ሲወድቅ ቀይ መብራት ይበራል፣ ደወል ይጮሃል። ደወሉን ለማጥፋት ከወንበር ተነስቶ እስከ ሰሌዳው መሄድ ግድ ነበር። የተቀመጡበት ሆኖ ማጥፋት አይቻልም። ያን የሠራው ሰው ሰውን ያውቃል። ከወንበር የተነሳ ሰው ነቅቷል።

እናንተም ከበይነመረብ ውጭ የሆነ አንድ መንገድ ይኑራችሁ። ድምፅ መደወል የሚችል የጂኤስኤም ሞደም ግዙ። በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም አስገቡበት። ጋሙ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከኮምፒውተር ሆኖ በሞደሙ ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ይደውላል። በቀጥታ በሞደም ትእዛዝም ይሠራል። ኤቲዲ ብላችሁ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ መጨረሻው ላይ ሴሚኮለን ታደርጋላችሁ። ሴሚኮለኗን ከረሳችሁ የዳታ ጥሪ ይሆንና ስልኩ ላይ አይጠራም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ቀኑን የሚያጠፋው።

ማንሳት አያስፈልግም። 40 ሰከንድ ይጥራ፣ ይዝጋ፣ ደግሞ ይደውል። ሚስኮል ነው፣ ሒሳብ አይቆርጥም። ግን ካርዱ ጊዜው እንዳያልፍበት በየወሩ የሚሞላ ሰው መድቡ።

የካ_አባዶ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡12

ጋሼ፣ አክብሮቴ ይድረስዎ፣ የደወሉን ነገር ለቡድኔ አነብላቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። ሞደሙ ቢሮ ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲሙ ቢዘጋስ? ሞደሙ ተሰቅሎ ሥራ ቢያቆምስ? ማን ያውቃል? ለ5 ሰው ቡድን ሌላ የሚጠበቅ ማሽን መጨመር ከባድ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ነው በሰው እጅ የተያዘ አገልግሎት የምመርጠው።

ኖክ_ጡረተኛ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡03

ልክ ነሽ ልጄ። ሞደሙን ቢሮ አታስቀምጡት። ከናንተ አንዱ ሌላ ሠፈር ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ቤት ካለው እዚያ ይቀመጥ። ሥራውንም ገልብጡት። ሰርቨሩ በየደቂቃው "አለሁ" ይበለው። "አለሁ" የሚለው ድምፅ 5 ደቂቃ ከጠፋ ሞደሙ ማንንም ሳይጠይቅ ይደውል። ያኔ ሰርቨሩ ቢሞት፣ መስመሩ ቢቆረጥ፣ ቢሮው ቢጨልም ያው ይጮሃል። እኛ ቤት ትልቁ አደጋ ዝምታ ነበር። ቀይ መብራት አያስፈራንም። የሚያስፈራን አረንጓዴ ሆኖ የቀረ የሞተ መብራት ነው።

ለገጣፎ_ባክኤንድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡40

ጋሼ የነገሩን በእኛ ዕቃም አለ። ፕሮሜቲየስ ላይ "ዋችዶግ" የሚባል ሁልጊዜ የሚጮህ ማንቂያ ይተከላል። ሥራው ሁሉ ሰላም ሲሆን መጮህ ነው። ሲያቆም ነው ችግር ያለው። ሄልዝቼክስ ወደሚባለው አገልግሎት ታያይዙታላችሁ፣ ነፃው እርከን 20 ነገር ይከታተላል። ኮዱም ክፍት ስለሆነ ራሳችሁ ልትጭኑት ትችላላችሁ። የገላኑ፣ ይህን ዛሬ ማታ ልታደርገው ትችላለህ። ሶፍትዌር እስክትመርጥ አትጠብቅ።

ሌላው ነገር የማንቂያው ብዛት ነው። በቀን 100 መልእክት እያለ የትኛውም ሶፍትዌር አያድናችሁም። አሁን ፔጀርዱቲን በዚያ ላይ ብታያይዙት በሁለተኛው ሳምንት ሰው ስልኩን ያጠፋል። ሌሊት ሰው የሚቀሰቅሰው ሾፌሩን የሚነካ ነገር ብቻ ይሁን። ሰነድ ወጣ ወይስ አልወጣም? ሲፒዩ 90 በመቶ ገባ የሚለው እስከ ጠዋት ይጠብቅ። ሾፌሩ ሰነዱን እያገኘ ከሆነ ሲፒዩው ሥራውን እየሠራ ነው።

ዲስክ ግን ለየት ይላል። ከሞላ በኋላ መቀስቀስ ዘግይቷል። ፕሮሜቲየስ ላይ ፕሬዲክት ሊኒየር የሚባል ፈንክሽን አለ። ያለፉትን 6 ሰዓታት አይቶ "በዚህ አካሄድ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሞላል" ይላችኋል። ያኔ ማንቂያው ሐሙስ ከሰዓት፣ ሁላችሁም ቢሮ ሻይ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ሳለ ይመጣል። አርብ ሌሊት የሚባል ታሪክ አይኖርም። እኔ ብሆን ከየትኛውም ግዢ በፊት ይህን አንድ መስመር ነው የምጽፈው።

አንድ_ታዛቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ፣ ሌሊት የሚነሳው ሰው ይከፈለዋል ወይስ በጽድቅ ነው?

የካ_አባዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡55

ጥሩ ጠየቅክ፣ ብዙ ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን በግልጽ አስቀምጧል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 እጥፍ ነው። በሳምንት የእረፍት ቀን 2 እጥፍ። በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ፔጀርዱቲ ማን ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳ ይመዘግብላችኋል። ያን ዝርዝር ይዛችሁ አለቃችሁ ዘንድ ግቡ።

ቁጥሩንም አስቡበት። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ በአንድ ቦታ ያለ ቡድን ዋናና ምትክ ተረኛ ሳምንት ሳምንት እንዲይዝ ቢያንስ 8 ሰው ይፈልጋል ብለዋል። በአንድ የ12 ሰዓት ተራ ከ2 በላይ ችግር እንዳይገጥመውም ይመክራሉ። እናንተ 5 ናችሁ። የጎደሉትን 3 ሰዎች የምታካክሱት ማንቂያ በመቀነስ ነው። ሌላ መንገድ አላውቅም።

በዓልን ደግሞ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ዘንድ ለፋሲካ ሌሊት ሙስሊም ጓደኞቻችን ይይዙልናል። ለኢድ እኛ እንይዛለን። ማንም አዞን አይደለም፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ሶፍትዌሩ ላይ "ለዚህ ቀን ተካ" የሚል ቁልፍ አለ፣ ለዚያ ነው የምንጠቀምበት።

ቃሊቲ_ስምሪት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የመኪና ስምሪት ነው የምሠራው፣ ወንድሜ ነው ይህን ክር ያሳየኝ። ሰነድ ሳይወጣ የሚቆም ሾፌር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። ሞተር አጥፍቶ እንዳይተኛ ሙቀቱ አያስተኛም። አስነስቶ እንዳይተኛ ነዳጁ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ሳያገኝ ያነጋና ጠዋት ያንኑ ደካማ ሰውነቱን ይዞ ይነዳል። በማግስቱ መንገድ ላይ ስላለው ሰው ነው የምፈራው። ይህን በማሰባችሁ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

እኛ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያለን። ተረኛ የሆነ ሰው ይዞት ቤቱ ይገባል። ቁጥሩ አይቀየርም፣ የሚቀየረው የያዘው ሰው ነው። ባትሪው ቀናት ይይዛል። ፌስቡክ የለው፣ ቴሌግራም የለው። እሱ ከጠራ ሥራ ነው። እናንተስ ለምን እንዲህ አታደርጉም?

ኖክ_ጡረተኛ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ይህ ነው።

ለገጣፎ_ባክኤንድ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡31

ሞደሙ አንድ ቁጥር ብቻ ማወቅ በቃው! ተራውን ማወቅ አያስፈልገውም። የካ አባዶ፣ ያሰጋሽ ነገር ግማሹ ተፈታ እኮ።

የካ_አባዶ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እሺ፣ እጄን ሰጠሁ። ሁለቱንም አድርጉ። ፔጀርዱቲ ተራውንና "አየሁት" የሚለውን ይያዝ። ሞደሙ ለብቻው ይቁም። አለርትማናጀር ላይ አንድ ተቀባይ ውስጥ ፔጀርዱቲንም ዌብሁክንም (ማንቂያውን ወደ ሞደሙ የሚልከውን አድራሻ) አብራችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ማንቂያው ለሁለቱም እኩል ይሄዳል። አንዱ ሌላውን አይጠብቅ።

የገላኑ_ተረኛ | ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ያደረግነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ነፃውን ፔጀርዱቲ ይዘናል። ካልተመለሰ በ10 ደቂቃ ወደ ሁለተኛ ሰው ያሻግራል። ሙከራውን እንደተባለው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አደረግነው። ከ5ታችን የ3ታችን አፕ ጮኸ። ሁለቱ ቴክኖዎች ዝም አሉ። ባትሪ ቁጠባውን አስተካክለን በማግስቱ ሌሊት ደገምነው፣ 5ቱም ጮኹ። ቡራዩ፣ ያን ባታነሳው ኖሮ ሁለቱ ልጆች ሳያውቁ ተኝተው ይኖሩ ነበር።

ሞደሙ ቱሉ ዲምቱ አንዱ ባልደረባችን ቤት ነው፣ ከመኪና ባትሪ ጋር። ሰርቨሩ በየደቂቃው "አለሁ" ይለዋል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ለ20 ደቂቃ የቤቱ ኢንተርኔት ጠፋና ሞደሙ ደወለ። ሰርቨሩ ደህና ነበር። ልጁ ተነስቶ አይቶ ተመልሶ ተኛ። አልከፋውም። እንደሚሠራ አወቅን።

ማንቂያዎቹን ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ተቀምጠን አየናቸው። ሌሊት የሚቀሰቅሱት 4 ብቻ ቀሩ። ሌሎቹ ቴሌግራም ላይ ናቸው፣ ጠዋት እናነባቸዋለን። አለቃችን የአዋጁን ቁጥር ሲያይ ዝም ብሎ አነበበው። ከዚህ ወር ጀምሮ የሌሊቱ ሰዓት ይታሰባል ብሏል።

ባለ ቁልፉን ስልክ የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ትራሴ ሥር አደረግኩት። ረቡዕ ከሌሊቱ 9፡12 ጠራ። ከውጭ ጅብ ይሰማ ነበር፣ ውሾቹ ይጮሃሉ፣ እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጋቢ ተከናንቤ ነው የገባሁት። ሰነድ የሚያወጣው ሰርቪስ ተሰቅሎ ነበር። 9፡26 ላይ ተነሳ። ከዚያ ሎጉን ቁጭ ብዬ አየሁ። 9፡27 ላይ ከሚሌ አንድ ሰነድ ወጣ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን ይዞ አለፈ።

ሰበታ_ዴቭ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡25

እኛም ልንጀምር ነው። ሞደሙ ምን ዓይነት ነው? አንዱ ጓደኛዬ ሲም800ኤል የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ አለው፣ ግን ሊደውል ሲል ይጠፋበታል።

የገላኑ_ተረኛ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡38

የኛ የዩኤስቢ ሞደም ነው፣ ስትገዛ ድምፅ መደወል የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቅ። ዳታ ብቻ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። የጓደኛህ ሰሌዳ የኃይል ችግር ነው። ሲደውል ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ቮልቴጁ ከ3.4 እስከ 4.4 መሆን አለበት፣ 5 ቮልት በቀጥታ አይሰጠውም። ከሊቲየም ባትሪ አገናኙትና ትልቅ ካፓሲተር አጠገቡ አድርጉለት።

ሰበታ_ዴቭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ካፓሲተሩን አደረግንለት። ደወለ።